ከፕሪቶሪያ የወጣው ልጅና የቢጫ ካርዷ ነገር

ከአገር ቤት ወደ ደቡብ አፍሪካ በአውሮፕላን የገባ ሰው ሁሉ አንዲት ቢጫ ካርድ ያውቃል። ፓስፖርት ውስጥ ተጣጥፋ የምትቀመጥ፣ የቢጫ ወባ ክትባት መውሰዳችንን የምትመሰክር ወረቀት ናት። እኛ ስለ ቪዛና ስለ ትኬት እንጨነቃለን እንጂ ስለ እሷ ብዙም አናስብም። ከዚህች ካርድ ጀርባ ግን የአንድ ስደተኛ ሕይወት አለ። ስሙ ማክስ ታይለር ይባላል። ተወልዶ ያደገው እኛ ከምንኖርባት ከጆበርግ 60 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው በፕሪቶሪያ ነው። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ እሱ ነው። ዓመታቱን የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ከወዲሁ ልናገር።

እኔ ስለዚህ ሰው ማንበብ የጀመርኩት በ2018 ነው። ያን ጊዜ በወላይታ፣ ኦፋ ወረዳ፣ ቢጫ ወባ ገባ የሚል ዜና ተሰማ። እዚህ ጄፒ ደግሞ ከወላይታ፣ ከሐድያ፣ ከከምባታና ከጉራጌ የመጣ ወንድምና እህት ሞልቷል። ቡና የምንጠጣበት ቤት ወሬው ሲነሳ ግን አብዛኛው ሰው ወባ መስሎት አለፈው። ወባማ ድሮም ያለ ነው፣ ክኒኑን ይውጣሉ ተባለና ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ። ቢጫ ወባ ግን ስሙን ከመዋሱ በቀር ከወባ ጋር ዝምድና የለውም። ወባን የሚያመጣው ሌላ ዓይነት ተባይ ነው፤ መድኃኒትም አለው። ቢጫ ወባን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ይህን ቫይረስ የሚገድል የታወቀ መድኃኒት ደግሞ እስከ ዛሬ የለም። ሐኪም ማድረግ የሚችለው ፈሳሽ እየሰጠ፣ ትኩሳትና ሕመም እያስታገሰ፣ በሽተኛው በራሱ አቅም እንዲሻገር መርዳት ነው። ዋናው መከላከያ ክትባቱ ነው። ክትባቱን ለዓለም ያበረከተው ደግሞ ይኸው የጎረቤት ከተማ ልጅ ነው።

የታይለርን ነገር ከአባቱ መጀመር ይሻላል። አባቱ አርኖልድ ታይለር የስዊዘርላንድ ሰው፣ የእንስሳት ሐኪም ነበር። በ1891 ሥራ ፍለጋ ወደ ፕሪቶሪያ መጣ። ማንም አላወቀውም፣ ሥራም ቶሎ አልቀናውም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኝ እርሻ ተቀጥሮ ሳለ የከብት መኖ መቁረጫ ማሽን ግራ እጁን ቆረጠው። አንድ እጅ ያለው፣ አገሩ የራቀበት ሐኪም ሆኖ ቀረ። በ1893 ግን ወርቅ በሚቆፈርበት በጆሃንስበርግ አካባቢ ፈንጣጣ ገባ። የፈንጣጣ ክትባት ማዘጋጀት ያውቅ ነበርና እሱ ሠርቶ አቀረበ። ስሙ የተጠራው፣ የመንግሥት ሥራም ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው። የታይለር ቤተሰብ እንጀራ የወጣው እንግዲህ ከዚችው እኛም እንጀራ ከምንፈልግባት ከተማ ነው።

ሦስት ዓመት ሳይቆይ የከብት እልቂት መጣ። ይህኛውን በሽታ እኛ ኢትዮጵያውያን ከማንም በላይ እናውቀዋለን። አባቶቻችን ደስታ ይሉት የነበረው ነው። ከ1888 እስከ 1892 የአገራችንን በሬ ጠራርጎ፣ ሞፈርና ቀንበር ሰቅሎ፣ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ ያወረደብን እሱ ነው። ያው በሽታ ከምሥራቅ አፍሪካ እየወረደ በ1896 ደቡብ አፍሪካ ገባ። አርኖልድ ታይለርም ከሌሎች ጋር ሆኖ መከላከያ ሴረም ፍለጋ ገባበት። ያኔ ማንም በዓይኑ አላየውም እንጂ ደስታም ሆነ ፈንጣጣ የቫይረስ በሽታዎች ናቸው። ዛሬ ሁለቱም ከምድር ጠፍተዋል፤ ፈንጣጣ መጥፋቱ በ1980፣ ደስታ በ2011 ታውጇል። ሁለቱንም ያጠፋቸው ክትባት ነው።

ማክስ የተወለደው እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 1899 ነው። ለቤቱ አራተኛና የመጨረሻ ልጅ ነበር። አባቱ በ1908 ከፕሪቶሪያ በስተ ሰሜን የኦንደርስተፑርትን የእንስሳት ምርምር ተቋም አቋቋመ፤ በኋላም በእንግሊዝ ንጉሥ የክብር ማዕረግ ተሰጠው። ስለዚህ ማክስ ያደገው በላቦራቶሪ መካከል፣ ታላቅ ስም ባለው አባት ጥላ ሥር ነው። ነጭ በመሆኑም በዚያች አገር ለጥቁር ልጅ የተዘጋው የትምህርት በር ሁሉ ተከፍቶለታል፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ተገቢ አይደለም። በፕሪቶሪያ፣ በግራሃምስታውንና በኬፕታውን ተማረና በ1919 ሕክምና ለመማር ወደ ለንደን ሄደ።

ለንደን ሲደርስ የገጠመው ነገር ለእኛ ለስደተኞች እንግዳ አይደለም። በኬፕታውን የተማረው የሕክምና ትምህርት ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ አልተቆጠረለትም። ስለዚህ በሌላ በኩል ዞሮ በ1922 የሐኪምነት ፈቃድና የሐሩር አገር በሽታዎች ዲፕሎማ ያዘ። ከአዲስ አበባ ዲግሪውን ይዞ መጥቶ እዚህ ሱቅ የቆመ ወንድም ይህን ሲሰማ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። ዓለም የሚያውቀው ይህ ተመራማሪ በትምህርት ያገኘው የዶክተርነት ዲግሪ አልነበረውም።

በዚያው በ1922 አሜሪካ ተሻገረና በቦስተን፣ በሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት ተቀጠረ። በ1926 ከዩኒቨርሲቲው የጥናት ቡድን ጋር ወደ ላይቤሪያና ወደ ቤልጅየም ኮንጎ ለሥራ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ኑሮውም ሥራውም አሜሪካ ሆኖ ቀረ።

በዚያን ጊዜ ቢጫ ወባ የሳይንቲስቶች ራስ ምታት ነበር። ትንኝ እንደምታስተላልፈው ከ1900 ወዲህ ታውቋል። ምን እንደሚያመጣው ግን ክርክር ነበር። ኖጉቺ የተባለው ታዋቂ የጃፓን ተወላጅ ተመራማሪ ባክቴሪያ ነው ብሎ ስለነበር ብዙ ሰው ተቀብሎታል። ወጣቱ ታይለር ከአለቃው ከሴላርድስ ጋር ሆኖ በ1926 ያ ባክቴሪያ ሌላ የጉበት በሽታ የሚያመጣ እንጂ የቢጫ ወባ አለመሆኑን አሳየ። ትልቅን ስም መድፈር ነበር፤ ግን ልክ ነበር።

በ1927 በጎልድ ኮስት፣ በዛሬዋ ጋና፣ ክፔቬ በምትባል መንደር አሲቢ የተባለ የ28 ዓመት ወጣት ታመመ። ተመራማሪዎች ከደሙ ወስደው ዝንጀሮ ሲወጉበት ዝንጀሮው በቢጫ ወባ ሞተ። አሲቢ ዳነ። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ ከሰው ተወስዶ በላቦራቶሪ የተያዘው ያኔ ነው። ይህ ሥራ ግን ሕይወት የሚያስከፍል ነበር። ከተመራማሪዎቹ አንዱ አድሪያን ስቶክስ በዚያው ዓመት በሽታው ይዞት ሞተ። ኖጉቺም እውነቱን ለማጣራት አክራ ሄዶ በ1928 በዚያው በሽታ አረፈ፤ ሬሳውን የመረመረው ዶክተር ያንግም ጥቂት ቀን ቆይቶ ተከተለው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ቫይረሱ ሰው ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ እንይ። የታይለር ሥራ የሚገባን ይህን ስናውቅ ነውና።

ቫይረስ ብቻውን ሲሆን አይበላም፣ አይተነፍስም፣ አይባዛም። በፕሮቲንና በስብ የተጠቀለለ ትንሽ የመመሪያ ጽሑፍ ነው። ሰው ቤት ገብቶ፣ በሰው ምጣድ፣ በሰው ሊጥ፣ በሰው ማገዶ የራሱን እንጀራ የሚጋግር እንግዳ ቢኖር ቫይረስ ማለት እሱ ነው። የታመመች ትንኝ ስትነድፈን ቫይረሱ ከምራቋ ጋር ቆዳችን ውስጥ ይገባል። በሽፋኑ ላይ ያለው ፕሮቲን ከሕዋሳችን ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ሕዋሱም ግድግዳውን ወደ ውስጥ አጥፎ እንደ ከረጢት አድርጎ ይውጠዋል። ከረጢቱ ውስጥ አሲድ አለ፤ ሌላ ነገር ቢሆን አሲዱ ያደክመው ነበር። የቢጫ ወባ ቫይረስ ግን ሽፋኑን የሚከፍተው ያንኑ አሲድ ሲያገኝ ነው። መመሪያው ወደ ሕዋሱ ሆድ ይለቀቃል። የሕዋሱ ፕሮቲን መሥሪያ የራሱን ትእዛዝ ከእንግዳው ትእዛዝ አይለይምና የተሰጠውን ይሠራል። ጥቂት ሰዓት ሳይቆይ አዳዲስ ቫይረሶች ተገጣጥመው ይወጣሉ፤ እነሱም ወደ ሌሎች ሕዋሳት ይዘምታሉ።

ቫይረሱ መጀመሪያ በንፍፊቶች ይራባል፤ ከዚያ በደም ተጉዞ ጉበት ይደርሳል። ከትንኟ ንድፊያ በኋላ ከ3 እስከ 6 ባሉት ቀናት ትኩሳት፣ የራስና የወገብ ሕመም፣ ማስመለስ ይመጣል። ብዙው ሰው በ3 ወይም በ4 ቀን ይሻለዋል። ከመቶ 15 የሚሆኑት ግን ተሻላቸው ከተባለ በኋላ ይወድቃሉ። የጉበት ሕዋሳት ሲሞቱ ጉበት ከደም የሚያጠራው ቢጫ ነገር ይከማችና ዓይንና ቆዳ ቢጫ ይሆናል። ደም የሚያረጋውን ነገር የሚሠራውም ጉበት ነውና ከድድ፣ ከአፍንጫ፣ ከሆድ መድማት ይጀምራል። ኩላሊትም ይደክማል። እዚህ ደረጃ ከደረሱት ግማሽ ያህሉ ይሞታሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከወባ መለየት የሚያስቸግረው፣ ተሻለው ብሎ መዘናጋትም የሚገድለው ለዚህ ነው።

ታይለር ያደረገው የመጀመሪያው ትልቅ ነገር ምርምሩን ርካሽ ማድረግ ነው። እስከዚያ ድረስ ሙከራ የሚደረገው ከእስያ በሚመጡ ውድ ዝንጀሮዎች ላይ ነበር። እሱ ቫይረሱ ወደ አንጎል ከተወጋ ተራ ነጭ አይጥ እንደሚይዝ አሳየ፤ በ1930 አሳተመው። አይጥ ደግሞ በሳንቲም የሚገዛ ነው። በዚህ ሥራ ላይ እያለ እሱም ራሱ ቢጫ ወባ ያዘው። ዕድለኛ ሆኖ ዳነ፤ ከዚያ ወዲያ ሰውነቱ በሽታውን የሚቋቋም ሆነ።

ከአይጦቹ ሌላም ነገር አየ። ቫይረሱን ከአንዱ አይጥ አንጎል ወደ ሌላው ደጋግሞ ሲያዛውረው ጠባዩ ተለወጠ። አይጥን ቶሎ ይገድላል፣ የዝንጀሮን ጉበት ግን መጉዳት ትቷል። እንግዳው አዲስ ቤት ሲለምድ የድሮውን ቤት ይረሳል እንደማለት ነው። ከዚህ የአይጥ አንጎል ቫይረስ የተሠራ ክትባት በፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች በምዕራብ አፍሪካ ለብዙ ዓመታት ተሰጥቷል። ብዙ ሕይወት አድኗል። ግን አንጎልን ስለለመደ አንዳንድ ሕፃናትን የአንጎል ብግነት ያሲዛቸው ነበር። ለታይለር ይህ አልበቃውም።

በ1930 ኒውዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር ፋውንዴሽን ላቦራቶሪ ተዛወረ። እዚያ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የአሲቢን ቫይረስ ከእንስሳ ውጭ፣ በብልቃጥ ውስጥ ማሳደግ ያዘ። መጀመሪያ በአይጥ ጽንስ ሥጋ፣ ቀጥሎ በዶሮ ጽንስ፣ በመጨረሻ አንጎሉና ህብለ ሰረሰሩ በወጣለት የዶሮ ጽንስ አሳደጉት። የነርቭ ሥጋ ካላገኘ ነርቭ መውደዱን ይተው ይሆናል በሚል ተስፋ ነው። ከብልቃጥ ወደ ብልቃጥ እያዛወሩ መቶ ጊዜ ገደማ ሲደርሱ፣ በ89ኛውና በ114ኛው መካከል፣ ያ የሚፈለገው ለውጥ መጣ። ቫይረሱ ሕያው ነው፣ ይራባል፣ ግን ጉበትም አንጎልም እንደ ቀድሞው አይጎዳም። ይህ ዘር 17ዲ ተባለ። በ1980ዎቹ ሳይንቲስቶች መመሪያውን ፊደል በፊደል ሲያነቡት፣ ወደ 11 ሺህ ከሚጠጉት ፊደላት መካከል ከአሲቢ ቫይረስ የሚለየው በ68ቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ክትባቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። የደከመው ቫይረስ ጥቂት ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ ጥቂት ይራባል። ሰውነታችን ያየውና አንቲቦዲ የተባሉ መከላከያዎች ያዘጋጃል። እነዚህ በሽፋኑ ፕሮቲን ላይ ይለጠፋሉ፤ ስለዚህ እውነተኛው ቫይረስ በመጣ ጊዜ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ መጣበቅ ያቅተዋል። በሩ ላይ ይቀራል።

ውጤቱ በ1937 ታተመ። በብራዚል በ1938 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን ሰው በላይ ተከተበ። አባቱ አርኖልድ ግን ይህን አላየም፤ በ1936 በትውልድ አገሩ በስዊዘርላንድ አርፏል። በአንድ እጁ የፈንጣጣ ክትባት የሠራው አባት የልጁን ክትባት ሊያይ አንድ ዓመት ቀረው።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። ክትባቱ እንዳይበላሽ ተብሎ የሰው ሴረም ይጨመርበት ነበር። በ1942 ለአሜሪካ ወታደሮች ከተሰጠው ክትባት አንዳንዱ በዚሁ ሴረም ምክንያት የጉበት ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ገብቶበት ተገኘ። ወደ 50 ሺህ ወታደሮች ታመሙ። ከዚያ በኋላ የሰው ሴረም ከክትባቱ ወጣ። 17ዲ ራሱ ግን እስከ ዛሬ አለ። በዓለም ላይ የሚሰጠው የቢጫ ወባ ክትባት ሁሉ የተወለደው ከ17ዲ ነው፤ 17ዲ ደግሞ ከአሲቢ ደም። ከግማሽ ቢሊዮን በላይ ክትባት ተሰጥቷል።

በ1951 ማክስ ታይለር የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተሰጠው። በአፍሪካ ምድር ከተወለዱት መካከል ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። በገንዘቡ ምን እንደሚያደርግ ሲጠይቁት አንድ ሳጥን ውስኪ ገዝቶ የሚወደውን የቤዝቦል ቡድን እንደሚመለከት መለሰ ይባላል። ከ1964 ጀምሮ በዬል ዩኒቨርሲቲ ሠርቶ በ1967 ጡረታ ወጣ። ነሐሴ 11 ቀን 1972 ኒው ሄቨን በምትባል የአሜሪካ ከተማ አረፈ። አንዲት ልጅ ነበረችው። ለመኖር ወደ ደቡብ አፍሪካ አልተመለሰም።

ክትባቱ ግን ወደ ትውልድ አገሩ ለመምጣት ጊዜ አልፈጀበትም። በ1940ዎቹ በዚችው በጆሃንስበርግ በደቡብ አፍሪካ የሕክምና ምርምር ተቋም ይመረት ነበር። ጉልላት ያለው የድሮ ሕንፃው ዛሬም በኮንስቲትዩሽን ሂል አጠገብ ቆሟል። ከጄፒ በእግር የሚደረስበት ነው። በበኩሌ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። እሱን ልናገር።

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብና በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዲዴሳ ወንዞች አካባቢ፣ ቢጫ ወባ ገባ። አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖርበት በነበረው አካባቢ 100 ሺህ ያህል ሰው ታሞ 30 ሺህ ያህል እንደሞተ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ትልቁ ይህ ነው። በታኅሣሥ 1960፣ በእኛ 1953፣ የእነ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት መሞከሩን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። መጽሐፍ ተጽፎበታል፣ ዛሬም ያከራክረናል። በዚያው ዘመን 30 ሺህ ወገን በአንድ በሽታ ማለቁን ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? እኔ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ በሰው አገር ተቀምጬ ነው ያነበብኩት።

ያን ጊዜ ክትባቱ ከተገኘ 23 ዓመት ሆኖታል። ባለቤቱም ኖቤሉን ከወሰደ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። በኒውዮርክ፣ በዳካር፣ በሪዮ፣ በጆሃንስበርግ የማምረት ልምዱ ነበር። የጎደለው እውቀት አልነበረም። መንገድ፣ ጤና ጣቢያ፣ በሽታው ምን እንደሆነ ለይቶ የሚናገር፣ የሩቁን ሰው ሞት እንደ ሞት የሚቆጥር ጎደለ። ብልቃጥ ውስጥ ያለ ክትባት የሰው ክንድ ካልደረሰ ካልተሠራ አይሻልም። ከታይለር ሕይወት እኔ የያዝኩት ይህን ነው።

በሽታው በዚያ አካባቢ ለምን ከፋ ለሚለው ተመራማሪዎች ካገኟቸው ነገሮች አንዱ እንሰትን ይመለከታል። የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ በሚጋጠምበት ጎድጓዳ ቦታ የዝናብ ውሃ ይቋጠራል። በዚያ ውሃ የምትራባ አንዲት የትንኝ ዓይነት ቫይረሱን ታስተላልፋለች። እንሰት ደግሞ የሚተከለው ጓሮ ነው፤ ትንኟ የቤት ጎረቤት ናት ማለት ነው። ጥፋቱ የእንሰት አይደለም፤ ያ ተክል ስንት ዘመን ሕዝብ ከረሃብ ጠብቋል። ቫይረሱ በጫካ ዝንጀሮዎችም ውስጥ ስለሚኖር እንደ ፈንጣጣ ከምድር ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው ሰውን መከተብ ነው። በ2013 ደቡብ ኦሞ፣ በ2018 ወላይታ፣ በ2020 ጉራጌ ዞን ተመልሶ ታይቷል። ዛሬ ግን ቶሎ ይለያል፣ የክትባት ዘመቻም ይከተላል። ልዩነቱ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።

ወደ ካርዷ ልመለስና ልጨርስ። ደቡብ አፍሪካ በሽታው የለባትም፤ የምታስተላልፈው ትንኝ ግን አለች። በር ላይ የምትጠይቀው ለዚህ ነው። በማርች 2012 ካርዳቸው ሐሰተኛ ነው ተብለው 125 ናይጄሪያውያን ከጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያ ተመለሱ። የሁለቱ መንግሥታት ጠብ ሆነ፤ ናይጄሪያም አጸፋውን መለሰች፤ በመጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ይቅርታ ጠየቀች። አፍሪካዊ በአፍሪካ በር ላይ መዋረዱ አሁንም ያንገበግባል። ይሁንና መርፌውን ሳይወጉ ካርዱን ብቻ መግዛት በእኛም ዘንድ የማይታወቅ ነገር አይደለም። ካርዱ መኮንኑን ያታልል ይሆናል፤ ትንኟን ግን አያታልልም። በየብስ፣ በኬንያና በታንዛኒያ አድርጎ የመጣው ወንድማችንማ ካርድም መርፌም ሳያይ ነው የደረሰው። ወረቀቱ ተስተካክሎለት እናቱን ለማየት ወደ ወላይታ ወይም ወደ ሆሳዕና ሲሄድ ነው ነገሩ የሚመጣው።

ስለዚህ አገር ቤት ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብላችሁ ተከተቡ። መከላከያው በሰውነት ውስጥ እስኪዘጋጅ፣ ካርዱም ሕጋዊ እስኪሆን ያን ያህል ይፈልጋል። ከ2016 ወዲህ አንድ ጊዜ የተወሰደ ክትባት በዓለም አቀፍ ደንብ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሥር ዓመት ሞላው ብላችሁ አዲስ ካርድ አትግዙ። ነፍሰ ጡር፣ ከዘጠኝ ወር በታች ያለ ሕፃን፣ እንቁላል ክፉኛ የማይስማማው፣ ወይም በበሽታም ሆነ በመድኃኒት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው መጀመሪያ ሐኪም ያማክር፤ ክትባቱ ሕያው ቫይረስ ነውና።

አገር ቤት ስትደውሉም ስለ ብሩና ስለ ቤቱ ሥራ ከጠየቃችሁ በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። የክትባት ዘመቻው መጥቶ ነበር ወይ? ልጆቹስ ተከተቡ ወይ? በሉ። ቢጫ ወባና ወባ አንድ አለመሆናቸውንም ንገሩልን።

ቸር ወሬ ያሰማን።